የሰዓት ክፍያዬ ተጨምሮ ገቢዬ ለምን ቀነሰ? ስለ ፈረቃ ድልድል እንወያይ

ማለዳ ተረኛ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች በሙሉ። በአንድ ትልቅ የችርቻሮ መደብር ውስጥ በሰዓት እየታሰበ የሚከፈለኝ ሠራተኛ ነኝ። ከአራት ወር በፊት የሰዓት ክፍያችን በ10 በመቶ ሲጨመር ሁላችንም ተደስተን ነበር። ይሁንና ከዚያ ወዲህ በወር መጨረሻ እጄ የሚገባው ገንዘብ ከቀድሞው እያነሰ ስለመጣብኝ፣ ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ትንሽ ደብተር ገዛሁ። በግራው ዓምድ በፈረቃ ሰሌዳው ላይ የተመደበልኝን ሰዓት፣ በቀኙ ዓምድ ደግሞ በትክክል የሠራሁትን እጽፋለሁ።

ያለፉት አራት ሳምንታት የቀኝ ዓምድ እንዲህ ይላል፦ 34፣ 19፣ 27፣ 12። ድምሩ 92 ሰዓት ነው። ከጭማሪው በፊት ሳምንቴ ከ30 ሰዓት እምብዛም ስለማይርቅ፣ በአራት ሳምንት 120 ሰዓት ያህል እሠራ ነበር። በአዲሱ ክፍያ 92 ሰዓት መሥራት በቀድሞው ክፍያ 101 ሰዓት እንደመሥራት ነው። ስለዚህ ጭማሪ ተደርጎልኝ ገቢዬ በ16 በመቶ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው።

የሚቀጥለው ሳምንት የፈረቃ ሰሌዳ የሚለጠፈው ዓርብ ማታ ሲሆን፣ ከተለጠፈም በኋላ አይጸናም። ሌሊት ላይ «ነገ አትምጪ» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ይደርሰኛል። አንዳንድ ጊዜም ከምሽቱ 5 ሰዓት መደብሩን ዘግቼ፣ በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንድከፍት እመደባለሁ። በመካከሉ ያለው ሰባት ሰዓት ነው፤ መንገዱ ሲቀነስለት ለእንቅልፍ የሚተርፈው አራት ሰዓት ተኩል አይሞላም። ይህን ከአለቆቻችን ጋር ለመነጋገር አስበናልና፣ በቅድሚያ ምን ብንጠይቅ እንደሚሻል ልምድና ዕውቀት ያላችሁ ብትመክሩን በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የቀድሞ የፈረቃ ኃላፊ

እህቴ፣ ደብተር መያዝሽ ትልቅ ነገር ነው። እኔ እንደ እናንተ ባለ መደብር ውስጥ ለስድስት ዓመት የፈረቃ ሰሌዳ ሳዘጋጅ ስለኖርኩ፣ በሌላኛው ወገን ምን እንደሚደረግ ልንገርሽ።

በየሳምንቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሰዓት በጀት ይላክልኝ ነበር። በጀቱ የሚወጣው ከሽያጭ ትንበያ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ ቀኑን በአሥራ አምስት ደቂቃ እየከፋፈለ በየትኛው ሩብ ሰዓት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ይነግረኛል። ማክሰኞ ጠዋት ሽያጩ ከትንበያው ካነሰ፣ ከቀትር በፊት ተደውሎ ሰዓት እንድቀንስ ይነገረኛል። የቤቱ ኪራይ በዚያ ቀን አይቀነስም፤ መብራቱም፣ የዕቃው ዋጋም አይቀነስም። በአንድ ጀምበር ሊቀነስ የሚችለው የሰው ሰዓት ብቻ ነበር። ምክንያቱም የሰውን ሰዓት መሰረዝ ድርጅቱን ምንም አያስከፍለውም።

ሰሌዳው በዕቃ ማከማቻው በር ጀርባ ይለጠፍ ነበር። እርሳስና ላጲስ ይዤ ፊቱ ቆሜ የማንን ስም እንደምሰርዝ ሳስብ፣ ብዙውን ጊዜ የምሰርዘው የማይከራከረኝን ሰው ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያፍረኛል። አንዲት ዝምተኛ ሠራተኛ ነበረች፤ የእርሷ መስመር ላይ ወረቀቱ ከላጲሱ ብዛት ሳስቶ ቀዳዳ እስኪያወጣ ድረስ ሰርዣለሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ የሠራተኛው ቁጥር ነው። ሥራው ለ25 ሰው በሳምንት 30 ሰዓት ሊያዳርስ ይችል ነበር። እኛ ግን 50 ሰው ቀጥረን ለእያንዳንዱ 15 ሰዓት እንሰጥ ነበር። ሰዓት የጠማው ሰው በሌሊትም ቢደወልለት ስልኩን ስለሚያነሳ፣ ይህ ለድርጅቱ ያለ ክፍያ የሚጠባበቅ ኃይል ሆኖ ያገለግለዋል። በዚህም የተነሣ፣ ሰሌዳው ቀደም ብሎ ይለጠፍ የሚለውን ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ አትግቡ እላለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ እንደምትሠሪ ከሁለት ሳምንት በፊት ማወቅሽ የቤት ኪራይሽን አይከፍልልሽም። ከማስታወቂያው ጋር ዝቅተኛ የሳምንት ሰዓት በዋስትና ይሰጠን በሉ፤ ትርፍ ሰዓት ሲገኝም አዲስ ሰው ከመቀጠሩ በፊት ለነባሩ ይቅረብ።

ሕግ አንባቢ

የቀድሞው ኃላፊ የተናገሩት በልዩ ልዩ አገሮች የወጡ ሕጎች ከሄዱበት አቅጣጫ ጋር ይገጥማል። የሥራ ሰዓት ሕግ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የጣሪያ ታሪክ ነበር። የዓለም ሥራ ድርጅት በተመሠረተበት በ1919 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነት ለኢንዱስትሪ ሠራተኛ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚል ወሰን አስቀመጠ፤ በ1930 ደግሞ በስምምነት ቁጥር 30 ይኸው ለንግድና ለቢሮ ሠራተኞች ተዘረጋ። የዚያን ዘመን ሠራተኛ ያስጨነቀው ሰዓቱ መብዛቱ ስለነበር፣ ሰዓቱ በድንገት ሲያንስ ወይም ሲበተን ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ እነዚህ ስምምነቶች መልስ የላቸውም።

አዲሶቹ ሕጎች ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጡ ናቸው። በአሜሪካ ሳንፍራንሲስኮ በ2014 እ.ኤ.አ. ለትላልቅ የችርቻሮ ድርጅቶች የሁለት ሳምንት ማስታወቂያን ግዴታ አደረገች። ከጁላይ 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሲያትል ሕግ ደግሞ በዓለም አቀፍ ደረጃ 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያሏቸውን የችርቻሮና የምግብ አገልግሎት ድርጅቶች ይመለከታል። ሰሌዳው ከ14 ቀን በፊት ይወጣል። ቀጣሪው ከዚያ በኋላ ሰዓት ከሰረዘ፣ ሠራተኛው ላልሠራው ሰዓት የክፍያውን ግማሽ ያገኛል። በመዝጊያና በመክፈቻ ፈረቃ መካከል 10 ሰዓት ዕረፍት ካልተሰጠ፣ ላነሰው ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ተጨማሪ ሰዓት ሲኖርም አዲስ ሰው ከመቀጠሩ በፊት ለነባር ሠራተኞች መቅረብ አለበት። በዚያው በ2017 ኦሪገን ይህን በግዛት ደረጃ ያወጀች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች።

የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥራ ሰዓት መመሪያ በየ24 ሰዓቱ 11 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ደንግጓል፤ ስለዚህ የእርስዎ የሰባት ሰዓት ዕረፍት በዚያ መለኪያ አራት ሰዓት ይጎድለዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ደግሞ ሰዓቱ በአብዛኛው የማይገመት ሠራተኛ በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት ሊጠራ እንደሚችል አስቀድሞ እንዲነገረው፣ ከዚያ ውጭ ሲጠራ ያለ ቅጣት እንቢ ማለት እንዲችል፣ እንዲሁም ከስድስት ወር አገልግሎት በኋላ የበለጠ አስተማማኝ የሥራ ሁኔታ ጠይቆ ምክንያት የተሰጠበት የጽሑፍ መልስ እንዲያገኝ ያዝዛል።

ለእርስዎ ጥያቄ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የአየርላንድ ሕግ ይመስለኛል። ከማርች 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በውሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት በእውነት ከሚሠራው የሚለይበት ሠራተኛ፣ ባለፉት 12 ወራት የሠራው አማካይ በሚያርፍበት የሰዓት እርከን (ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ተብሎ በተወሰነ ክልል) ውስጥ እንዲመደብ የመጠየቅ መብት አለው። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ደብተርዎ የገቢ መዝገብ ከመሆን አልፎ ማስረጃ ይሆናል ማለት ነው።

የስምንት ሰዎች ቀጣሪ

ውይይቱን በአክብሮት እየተከታተልኩ ነው። እኔ ግን ስምንት ሠራተኞች ያሉኝ አነስተኛ ቀጣሪ ነኝና፣ የእኔ ወገን ጭንቀትም ይሰማ ዘንድ እጠይቃለሁ። ከስምንት አንድ ሰው ጠዋት ታምሜያለሁ ብሎ ሲቀር ከጉልበቴ አንድ ስምንተኛውን አጣሁ ማለት ነው። ያን ቀን ሌላ ሰው ብጠራ ቅጣት ሊከፈልበት ነው? ደንበኛ ሳይመጣ ሲቀርስ ኪሳራውን ብቻዬን ልሸከመው ነው? የገበያው መዋዠቅ የእኔ ሥሪት አይደለም። ለሠራተኞቼ ማሰቤን ማንም እንዲጠራጠር አልፈልግም፤ ነገር ግን ሕጉ እንደ እኔ ያለውን ከገበያ አስወጥቶ ሥራውን ሁሉ ለትልልቆቹ እንዳያስረክብ እሰጋለሁ።

ሕግ አንባቢ

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሕጎቹም ችላ አላሉትም። የሲያትልም የኦሪገንም ሕግ 500 ሠራተኛ የሚል ወለል ያበጁት ለዚህ ነው። በተጨማሪም ሠራተኞች በፈቃዳቸው ፈረቃ ሲለዋወጡ፣ ወይም በተፈጥሮ አደጋና በመብራት መቋረጥ ምክንያት ሥራ ሲስተጓጎል ተጨማሪው ክፍያ አይጠየቅም። የታሰበው ቀጣሪው በራሱ ውሳኔ፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ ያለ ምንም ዋጋ የሚያደርገውን ለውጥ ለመግታት ነው።

የሁለት ፈረቃ እናት

የአቶ ቀጣሪን ቃል አነበብኩት፤ በቅንነት እንደጻፉትም ይሰማኛል። እኔ የቢሮ ጽዳት ሠራተኛና የሦስት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ከጠዋቱ 11 እስከ 2 ሰዓት አንድ ሕንፃ፣ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ሌላ ሕንፃ አጸዳለሁ። የሚከፈለኝ ለስድስት ሰዓት ነው። ቀኑ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ የእነርሱ ነው፤ በመካከል ያሉት አሥር ሰዓታት ሌላ ሥራ ለመያዝ አይመቹም፣ ለዕረፍትም አይበቁም። ለሁለት የተሰነጠቀ ፈረቃ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

የገበያውን መዋዠቅ ማን ይሸከመው ለሚለው ጥያቄዎ፣ ጌታዬ፣ አሁን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ልንገርዎ። ልጄን የምትጠብቅልኝ ሴት የምትከፈለው በሳምንት ነው። ማክሰኞ አትምጪ ብባል የማክሰኞን ሒሳብ አትቀንስልኝም፤ መቀነስም የለባትም፣ እርሷም እንደ እኔው የዕለት ጉርስ ፈላጊ ናት። ስለዚህ ፈረቃዬ በተሰረዘ ቀን ገቢዬን አጥቼ ወጪውን እከፍላለሁ። እርስዎ ኪሳራውን ልሸከመው ነው ወይ ሲሉ፣ ኪሳራው እስከ ዛሬ የጠፋ ይመስላል እንጂ ወደ ታች ተላልፎ እኛ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

ደግሞም እባካችሁ «ተለዋዋጭ ሰዓት» የሚለውን ቃል ለይተን እንጠቀምበት። እኔም ተለዋዋጭነት እፈልጋለሁ። ልጄ ሲያተኩሰው ከባልደረባዬ ጋር ፈረቃ መለዋወጥ እንድችል፣ ይህንንም ስላደረግሁ በቀጣዩ ሳምንት ሰዓቴ እንዳይቀነስ እፈልጋለሁ። እኔ የምለውጠው ሰዓትና እኔ ላይ የሚለወጥ ሰዓት በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው መልካም ስም ተሸፍኖ ያልፋል።

የቁጥር ሰው

ሁለት ጥናቶችን ላንሣ። በመጀመሪያው ጆአን ዊሊያምስ፣ ሱዛን ላምበርትና ሳራቫናን ኬሳቫን ጋፕ በተባለው የልብስ ኩባንያ መደብሮች ውስጥ የተረጋጋ የፈረቃ አሠራርን ሞክረው ውጤቱን በ2018 እ.ኤ.አ. አወጡ። ሙከራው በሳንፍራንሲስኮና በቺካጎ አካባቢ በሚገኙ 28 መደብሮች የተካሄደ ሲሆን፣ አሠራሩ የተለወጠባቸው መደብሮች ካልተለወጠባቸው ጋር ተነጻጽረዋል። የመጀመሪያዎቹ ሽያጭ በ7 በመቶ፣ የሠራተኛ ምርታማነታቸው በ5 በመቶ ብልጫ አሳየ። አንዳንድ መደቦች ላይ ሰዓቱ በዋስትና ተሰጥቶ ነበር፤ ሠራተኞች ያለ ኃላፊ ጣልቃ ገብነት በስልክ መተግበሪያ ፈረቃ እንዲለዋወጡም ተደርጎ ነበር። የሁለት ፈረቃ እናት የጠየቀችው ዓይነት መሆኑ ነው።

ከቁጥሩ በላይ እኔን የገረመኝ ግን የመዋዠቁ ምንጭ ነው። ተመራማሪዎቹ የፈረቃው መለዋወጥ በብዙ መንገድ የሚመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት መሆኑን አገኙ፦ የዕቃ ጭነት መድረሻ ሲዛባ፣ የቅናሽ ሽያጭ ዕቅድ በመጨረሻ ሰዓት ሲቀየር፣ ከፍተኛ አለቆች ለጉብኝት ሲመጡ። ስለዚህ በደንበኛው የምናመካኘው ነገር ሁሉ የደንበኛው ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው በክሪስተን ሃርክኔት፣ በዳንኤል ሽናይደርና በባልደረባቸው የተሠራና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። የሲያትል ሕግ ከወጣ በኋላ ሕጉ የሚመለከታቸው ሠራተኞች ፈረቃቸው ይበልጥ የሚገመት ሆነላቸው፤ የእንቅልፋቸው ጥራት ተሻሻለ፣ የኑሮ ችግራቸውም ቀለለ። ሕጉ የሰዓት ክፍያቸውን መጠን ሳይነካ፣ ሰዓታቸውን በማረጋጋቱ ይህን ያህል ለውጥ መምጣቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የስምንት ሰዎች ቀጣሪ

እናት የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወደ ታች የተላለፈ ኪሳራ ያሉት አባባል ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ፣ ያለፉትን ሁለት ወራት የፈረቃ ወረቀቶች አውጥቼ ተመለከትኩ። ከሰረዝኳቸው 14 ፈረቃዎች ውስጥ በእርግጥ በሰው መታመም ወይም በገበያ መጥፋት የመጡት አምስት ነበሩ። የቀሩት ዘጠኙ ዕቃ አቅራቢዬን የሚመጣበትን ቀን ቀደም ብዬ ባለመጠየቄ የተሰረዙ ናቸው። ይህን ከመጻፌ በፊት አቅራቢዬ ዘንድ ደውዬ ቋሚ ቀን ይዣለሁ። ስለ ቅጣቱ ያለኝ ስጋት እንዳለ ነው፤ ዘጠኙን ግን በሕግ ማሳበብ አልችልም።

የቀድሞ የፈረቃ ኃላፊ

ወንድሜ፣ ይህን በግልጽ በመናገርዎ አከብርዎታለሁ። ለእርስዎም ለእህታችንም የሚጠቅም አንድ አሠራር ልጨምር። ካለፉት አሥራ ሁለት ሳምንታት የየቀኑን ዝቅተኛ የሰው ፍላጎት አውጡ። በጣም ደካማ በሆነው ማክሰኞ እንኳ አራት ሰው ካስፈለገ፣ የእነዚያ የአራቱ ሰዓት በየሳምንቱ ሳይነካ ሊጸና ይችላል። የሚዋዥቀው ከዚያ በላይ ያለው ጥቂት ነው፤ እርሱንም ለሚፈልጉት በፈቃድ ማደል ነው። እኔ ይህን በመጨረሻው ዓመቴ ስሞክረው ከጠቅላላው ሰዓት አራት አምስተኛው ያለ ችግር ቋሚ መሆን እንደሚችል አየሁ። ለስድስት ዓመት ስሰርዝና ስደልዝ የኖርኩት ግን ሁሉንም ነበር።

ለጥያቄሽ ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አለቃው ቀላሉን መርጦ ሰጥቶ ከባዱን ያስረሳችኋል። ከመግባታችሁ በፊት ከመካከላችሁ ቢያንስ አምስት ሰው እንደ አንቺ ደብተር ይያዝ። የአንድ ሰው ደብተር እንደ ግል ቅሬታ ይቆጠራል።

የሁለት ፈረቃ እናት

ጥያቄውን አንድ ሰው ብቻውን ይዞ እንዳይገባም አደራ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ በኩል፣ ከሌላችሁም ብዙ ሆናችሁ ፈርማችሁ ግቡ። ብቻውን የጠየቀ ሰው ሰዓት በቀጣዩ ሳምንት እንዴት እንደሚቀልጥ አይቻለሁ።

ማለዳ ተረኛ

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሻለሁ። ዝምታዬ ከቸልተኝነት እንዳይቆጠርብኝ፤ የመከራችሁንን ስንሠራ ነበር።

ማኅበር ስለሌለን አሥራ አንድ ሆነን ፈርመን ገባን፤ ከእነርሱም ስድስታችን ደብተር ይዘን ነበር። ሦስት ነገር ጠየቅን፦ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት በዋስትና እንዲሰጠን፣ ሰሌዳው ከ14 ቀን በፊት እንዲወጣ፣ በሁለት ፈረቃ መካከል 11 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር። የመደብሩ ኃላፊ ስድስቱን ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ ብዙ ጊዜ ወስዳ አየቻቸው። በአንደኛው ሳምንት ሦስታችን ከ15 ሰዓት በታች ስንሠራ፣ በዚያው ሳምንት ሁለት አዲስ ሰዎች መቀጠራቸውን ከቀኖቹ ስታገናዝብ ዝም አለች። እርሷም በጀቱን እንደማትወስን፣ ቅጥሩ ግን በእርሷ እጅ እንደሆነ ነገረችን።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ መልሱ በጽሑፍ መጣ። የ11 ሰዓቱ ዕረፍት ለሁሉም ተፈቅዷል። ሰሌዳው ከ14 ሳይሆን ከ10 ቀን በፊት ይወጣል። የ24 ሰዓቱ ዋስትና የተሰጠው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ላገለገልነው ለሰባታችን ሲሆን፣ ነባሮቹ እስኪዳረሱ ድረስም አዲስ ቅጥር ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ያሉት የደብተሬ ሁለት ሳምንታት 26 እና 25 ናቸው።

ዓመት ያልሞላቸው አራቱ ባልደረቦቻችን ከዋስትናው ውጭ ቀርተዋል። አብረውን ፈርመው ያልደረሳቸው መሆኑ ከብዶናል፤ የፈረሙት ከሁላችን ይልቅ የሚያጡት ነገር እያላቸው ነበር። ስለዚህ የእነርሱን ጥያቄ በሚቀጥለው ወር ሰባታችንም አብረን ይዘን እንገባለን። ሕግ አንባቢ ስድስት ወር የሚለውን የአውሮፓ መመሪያ ስለጠቀሱልን፣ የአገልግሎት ዘመኑ ከአንድ ዓመት ወደ ስድስት ወር ዝቅ እንዲል እንጠይቃለን፤ ያ ከሆነ ከአራቱ ሦስቱ ይገባሉ። አራተኛዋ ገና ሁለት ወሯ ነው። አራቱም ከዚህ ሰኞ ጀምሮ ደብተር መያዝ ጀምረዋል።